በፈተና ወራት ለልጆች ስለሚገባ ጥንቃቄ

ልጅን ለትምህርት ማትጋት የወላጅ ግዴታ ነው፤ ዳሩ ግን ማትጋትና ማስጨነቅ አንድ አይደሉም። በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ በተሰጠው የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና፥ ግማሹን ነጥብና ከዚያ በላይ ያገኙት ከ100 ተፈታኞች 3 ያህል ብቻ ነበሩ። ይህን የሰማ ወላጅ ቢደነግጥ አይፈረድበትም፤ ነገር ግን ድንጋጤውን በታናናሾቹ ልጆች ላይ ሊጭነው አይገባም።

ልጅ ቀን የተማረው በአእምሮው የሚጸናው በእንቅልፉ ጊዜ ነው። ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለ ልጅ በቀንና በሌሊት ውስጥ ከ9 እስከ 12 ሰዓት ያህል መተኛት ያስፈልገዋል። ስለዚህ ከብት ሲጠብቅና ውሃ ሲቀዳ የዋለውን ልጅ እስከ እኩለ ሌሊት በኩራዝ ፊት ማስቀመጥ፥ በቀዳዳ እንስራ ውሃ እንደ መቅዳት ነው።

መልካሙ መንገድ ይህ ነው። መምህሩ የቤት ሥራ ሲሰጥ የልጁን ድካም ይመዝን፤ ወላጅም በፈተና ወራት የቤቱን ሥራ ያቃልልለት። ልጁ በየቀኑ ጥቂት በጥቂት ያጥና፤ ከዚያም ደብተሩን አጥፎ ያጠናውን በቃሉ ይናገር፤ ደጋግሞ ከማንበብ ይልቅ ይህ ይበልጥ ይጸናልና። ፊደል ያልቆጠረ ወላጅ እንኳ ተቀምጦ ሊያዳምጠው ይችላል። ነጥቡ ያነሰ እንደ ሆነም፥ ዱላ ከማንሳት ይልቅ የጎደለውን ከመምህሩ ጋራ ሆኖ ይመርምር። ሽማግሌዎችም ይህን ለጎረቤት ሁሉ ሊያስረዱ ይገባቸዋል።