ዘር ወይስ ምግብ? የዝንጀሮ አንጀት ሙግት

ከድሬዳዋ ወደ ምዕራብ፣ በአሮጌው የባቡር መስመር ላይ ኤረር ጎታ አለች። የስዊዘርላንዱ የእንስሳት ተመራማሪ ሐንስ ኩመር እ.ኤ.አ. በ1960 እና 1961 ከባልደረባው ከፍሬድ ኩርት ጋር ሀማድራያስ ዝንጀሮዎችን የተከታተለው በዚያ አካባቢ ነው። ማታ በመቶዎች ተሰብስበው ገደል ላይ ያድራሉ፤ ሲነጋ ተበታትነው በግራሩ መካከል ምግብ ፍለጋ ይሰማራሉ። ወንዱ ብርማ ጎፈር አለው፤ ክብደቱ የሴቲቱን እጥፍ ያህል ሲሆን ሚስቶቹንም ከዓይኑ አያርቅም። ዓለም ስለ ኑሯቸው ካወቀው ብዙው የተጀመረው በኤረር ገደሎች ሥር ነው።

ኩመር የመረመረው ማኅበራዊ ኑሯቸውን ነበር። የዛሬ ተመራማሪዎች ደግሞ ሆዳቸውን ይመረምራሉ። እንስሳውን አይነኩትም፣ አያደነዝዙትም። ትኩስ ዓይነ ምድሩን ከመሬት አንስተው እንዳይበላሽ በፈሳሽ ውስጥ ያኖሩታል፤ ቤተ ሙከራ ሲደርስ የባክቴሪያዎቹ ዘረመል ይነበባል።

ዝንጀሮም ሆነ ሰው የሣርና የቅጠልን ጠንካራ ቃጫ በራሱ አቅም መፍጨት አይችልም። ትልቁ አንጀት እንደ ጠላ ጋን ነው፤ ባክቴሪያዎቹ ቃጫውን አብላልተው አጫጭር የስብ አሲዶች ያወጣሉ፣ እንስሳው ደግሞ እነዚህን መጥጦ ጉልበት ያደርጋቸዋል። ታዲያ የትኞቹ ባክቴሪያዎች እዚያ እንደሚኖሩ የሚወስነው ምንድን ነው? የእንስሳው ዘርና አካል ነው ወይስ የሚበላው?

አገራችን ለዚህ ጥያቄ የታደለች ናት። ጉሬዛ ቅጠል ይበላል፤ በክፍል በክፍል የተከፋፈለ ጨጓራ ስላለው ምግቡ ወደ አንጀት ሳይደርስ መብላላት ይጀምራል። ጭላዳ ሣር እየጋጠ ይኖራል፤ ጨጓራው ግን አንድ ነውና ሥራው ሁሉ የሚወድቀው በአንጀቱ ላይ ነው። ሀማድራያስ የግራር ፍሬና አበባ፣ ሣር፣ ሥር፣ ነፍሳት፣ ያገኘውን ሁሉ ይበላል። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት የ18 የዱር ፕራይሜት (የዝንጀሮ፣ የጦጣና የመሰሎቻቸው ወገን) ዝርያዎችን አንጀት አነጻጽሮ፣ ቅጠል በል መሆን ብቻውን ባክቴሪያዎችን እንደማያመሳስል አሳየ። የዘር ሐረግና ከእርሱ ጋር የሚመጣው የሆድ አሠራር ይበልጣል።

በአንድ ዝርያ ውስጥ ሲታይ ግን ምግብ ኃይሉን ያሳያል። በስሜን ተራሮች በጭላዳ ላይ የተሠራውና እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ጥናት ለእኔ ከሁሉ ይበልጥ የሚያስገርም ነው። ዝናብ ጥሎ ሣሩ ሲለመልም ቃጫ የሚሰብሩ ባክቴሪያዎች ይበዛሉ። በጋ ሲገባ ጭላዳዎቹ መሬት ቆፍረው ሥር ሲያወጡ ስታርች የሚፈጩት ይነግሣሉ። ብርዱና ድርቁ ሲገጣጠሙ ደግሞ ለጉልበት ማመንጫ የሚያገለግሉ የባክቴሪያ ዘረመሎች ይጨምራሉ። እንስሳው ያው ነው፣ ተራራውም ያው ነው፤ በወራት ውስጥ የሚለወጠው የአንጀቱ ነዋሪ ነው።

ዕድሜም ድርሻ አለው። የሚጠባ ግልገል ወተት የሚያብላሉ ባክቴሪያዎችን ይይዛል፤ ሣር መጋጥ ሲጀምር የትልልቆቹን ይወርሳል። ወዳጅነትም እንዲሁ። በኬንያ አምቦሴሊ አንዱ የሌላውን ጠጉር እየፈተሹ የሚያጸዱ ዝንጀሮዎች፣ ምግባቸው አንድ በመሆኑ ብቻ የማይገለጽ የባክቴሪያ መመሳሰል ታይቶባቸዋል። በዚያው በአምቦሴሊ በ14 ዓመት ውስጥ ከ585 ዝንጀሮዎች የተሰበሰቡ 16,234 ናሙናዎች ሲመረመሩ፣ ከአንጀት ባክቴሪያ ባሕርያት አብዛኞቹ በዘር እንደሚተላለፉ ታወቀ፤ የዘሩ ድርሻ ግን አነስተኛ ነው። ይህም ድርሻ በበጋ ከክረምት ይልቅ፣ በሸመገሉት ከወጣቶቹ ይልቅ ከፍ ይላል። ስለዚህ «ዘር ወይስ ምግብ» ብሎ አንዱን ብቻ አሸናፊ ማድረግ ስሕተት ይመስለኛል። ዘር ማን ሊኖር እንደሚችል ወሰኑን ያበጃል፤ በዚያ ወሰን ውስጥ ማን እንደሚበዛ የሚለዋውጡት ወቅቱ፣ ምግቡና ጎረቤቱ ናቸው።

መሬቱም ሳይቀር ይናገራል። ኬንያ ውስጥ ሁለት የዝንጀሮ ዝርያዎች በሚዳቀሉበት ስፍራ፣ የአንጀት ባክቴሪያን ልዩነት ከዝርያው ይልቅ የአፈሩ ባሕርይ፣ በተለይም በውስጡ ያለው ሶዲየም፣ የተሻለ አብራርቶታል። እኛ ዘንድም አዋሽ ላይ ሀማድራያስና ሌላው ዝንጀሮ፣ አኑቢስ፣ ስለሚዳቀሉ ያንኑ ጥያቄ እዚህም መፈተን ይቻላል።

ይህ የሰውም ጉዳይ ነው። የሰው አንጀት ባክቴሪያ በዘር ከሚቀርበን ከቺምፓንዚ ይልቅ የዝንጀሮን እንደሚመስል እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ሌላ ጥናት አሳይቷል፤ ምክንያቱ እንደ እነርሱ ያገኘነውን በልተን በደረቅ ሜዳ የመኖር ታሪካችን እንደሆነ ይታሰባል።

የድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎች ሆይ፣ ኤረር ደጃችሁ ነው፤ ለናሙና የሚያስፈልገው ትዕግሥትና ጥቂት ብልቃጥ ነው። መንገደኛውም ዝንጀሮ ሲያይ ዳቦና ብስኩት ከመኪናው መስኮት አይወርውር። የምንወረውረው ነገር የእንስሳውን ጠባይ ብቻ ሳይሆን ሆዱንም ይለውጣል።