ዘበኛ የሆነ መንግሥት ወይስ ያለ መንግሥት?

«ሊበርታሪያን» የሚባሉ የፖለቲካ ፈላስፎች እንዳሉ ሰምታችሁ ይሆናል። እነዚህ ሰዎች ከሁሉ አስቀድመው የሚያከብሩት፥ እያንዳንዱ ሰው በገዛ አካሉና በገዛ ንብረቱ ላይ ያለውን መብት ነው። ስለዚህም ማንም ሰው ባልበደለው ሰው ላይ ኀይል ሊያነሣ አይገባውም ይላሉ። እስከዚህ ድረስ በመካከላቸው ክርክር የለም። ነገር ግን መንግሥት ራሱ በኀይል የሚሠራ፥ ግብርንም በግዴታ የሚሰበስብ ስለ ሆነ፥ ይህን እምነት እስከ መጨረሻው የተከተለ ሰው «እንኪያስ መንግሥት ፈጽሞ ሊኖር ይገባልን?» ከሚለው ጥያቄ ላይ መድረሱ አይቀርም። መንገዳቸው ለሁለት የሚከፈለውም እዚህ ላይ ነው።

አስቀድሜ ስለ አንድ ቃል ልናገር። አናርኪዝም የሚለውን ቃል በቋንቋችን «ሥርዐተ አልበኝነት» ብለን ስለምንተረጉመው፥ ሲጠራ ወዲያው ዝርፊያና ረብሻ ይታየናል። የግሪኩ ቃል ግን ገዥ አልባ ማለት ነው እንጂ ሕግ አልባ ማለት አይደለም። እነዚህ ሰዎች ሕግም፥ ዳኛም፥ ዘበኛም ይፈልጋሉ፤ የማይፈልጉት ይህን ሁሉ አንድ መንግሥት ብቻውን እንዲይዘው ነው።

ሐሳቡን ቀድመው በግልጥ ከጻፉት አንዱ ጉስታቭ ደ ሞሊናሪ የሚባል የቤልጅግ ተወላጅ የኢኮኖሚ ሊቅ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1849 ባወጣው ጽሑፍ፥ ሌላው ሸቀጥ ሁሉ በነጋዴዎች ውድድር የሚሻሻልና የሚረክስ ከሆነ ጥበቃስ ስለ ምን እንዲሁ አይሆንም ሲል ጠየቀ። በፓሪስ የነበሩት የሞያ ጓደኞቹ ግን አልተቀበሉትም። ከመቶ ዓመት በኋላ ይኸንኑ ሐሳብ ያስፋፋው አሜሪካዊው መሪ ሮትባርድ ነው።

በሌላው ወገን የቆመው የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ መምህር ሮበርት ኖዚክ ነው። በ1974 ያሳተመው «አናርኪ፥ መንግሥትና ዩቶፒያ» የተባለው መጽሐፉ የሚነሣው ከተቃዋሚዎቹ ሐሳብ ነው። መንግሥት የሌለበትን አገር አስቡ ይላል። ሰዎች ገንዘብ እየከፈሉ የጥበቃ ድርጅት ይቀጥራሉ። ሁለት ድርጅቶች ሲጋጩ፥ ወይ አንዱ እያሸነፈ የሌላውን ደንበኞች ይወስዳል፥ ወይም ሁለቱ በአንድ የጋራ ዳኛ ይስማማሉ። ስለዚህ ማንም ሳያስበው ከጊዜ በኋላ በአገሩ ላይ አንድ ታላቅ ድርጅት ይቀራል። ይህም ድርጅት ደንበኞቹ ባልታመነ ፍርድ እንዳይቀጡ ሲል፥ ከድርጅቱ ውጭ ያሉት ሰዎች በራሳቸው እንዳይፈርዱ ይከለክላል። ስለ ከለከላቸውም ካሣ ይሆን ዘንድ እነርሱንም የመጠበቅ ግዴታ ይመጣበታል። እንግዲህ በአገሩ ያለውን ሁሉ የሚጠብቅ፥ ሌላው እንዳይፈርድ የሚከለክል ድርጅት ከመንግሥት በምን ይለያል? ኖዚክ የሚፈቅድለት ግን ሰውን ከግፍ፥ ከስርቆትና ከማታለል መጠበቅንና ውል ማስፈጸምን ብቻ ነው። «የሌሊት ዘበኛ መንግሥት» የሚባለውም ይህ ነው። (ፈርዲናንድ ላሳል ይህን ስም በ1862 የተናገረው ለማፌዝ ነበር!)

ሮትባርድ በ1977 ሲመልስለት፥ በዓለም ላይ ካሉት መንግሥታት በዚህ አኳኋን የተወለደ አንድ ስንኳ የለም አለ። መልሱ ቀላል አይደለም። ግብርስ? አይን ራንድ የተባለችው ደራሲ አናርኪዝምን አጥብቃ ብትቃወምም፥ መንግሥቱ የሚኖረው በፈቃድ በሚከፈል ገንዘብ መሆን አለበት ብላ ጽፋለች። ይህ ለኔ ከምኞት አያልፍም።

ሁለቱም ወገኖች የሚጠቅሱት አገር አይስላንድ ነው። ከ930 እስከ 1262 ድረስ ንጉሥም፥ ፖሊስም፥ የመንግሥት ጦርም አልነበራትም። በየዓመቱ በቲንግቬትሊር ሜዳ በሚደረግ ጉባኤ ሕግ ይወጣል፥ ዳኝነት ይታያል፤ ሕግ ነጋሪ የሚባለው ሹም የሕጉን ሲሶ በየዓመቱ በቃሉ ያሰማ ነበር። ነጻ የሆነ ገበሬ አለቃው ካልተስማማው ወደ ሌላ አለቃ ይዛወራል። ፍርድ የሚያስፈጽመው ግን ባለ ጉዳዩ ራሱ ነው፤ ዐቅም ያጣ ደሃ መብቱን ለኀይለኛ ሰው ያስተላልፍ ወይም ይሸጥ ነበር። ይህን ዘዴ እጅግ አደንቃለሁ፤ ደሃ እንዲህ ባለ አገር ምን ይሆናል ለሚለው ጥያቄ ከመጻሕፍቱ ሁሉ የተሻለ መልስ ነው።

ዳሩ ግን በ13ኛው መቶ ዓመት አለቅነቱ ሁሉ በጥቂት ቤተሰቦች እጅ ተከማቸ፤ እነርሱም እርስ በርሳቸው ተዋጉ፤ በመጨረሻም አገሩ ለኖርዌይ ንጉሥ ለሃኮን ገባ። የሮትባርድ ወገኖች «ሦስት መቶ ዓመት መቆየቱ ይበቃል» ይላሉ። እኔ ግን ኀይል ወደ አንድ እጅ መሰብሰቡን ሳይ ወደ ኖዚክ አደላለሁ፤ ምንም እንኳ አይስላንዶች ያገኙት የሌሊት ዘበኛ ሳይሆን ንጉሥ ቢሆን።