የማትሰጥመው ዳክዬ

አንባቢ ሆይ! ጎንደር ገበያ ወጥተው ለልጅዎ ወይም ለታናሽ ወንድምዎ አንዲት ብጫ የጎማ ዳክዬ ገዝተው እንደ ሆነ፣ ሳፋው ውስጥ የምትንሳፈፈው ይህች መጫወቻ ብዙ አገር የዞረች መሆኗን ልንገርዎ።

ስሟ የጎማ ይባል እንጂ ዛሬ የምትሸጠው በብዛት ከፕላስቲክ የተሠራች ናት። መነሻዋ ግን በርግጥ ጎማ ነው። ጥሬ ጎማ በሙቀት ጊዜ ይጣበቃል፣ በብርድ ጊዜ ይሰነጠቃል። አሜሪካዊው ቻርልስ ጉድይር ጎማን ከድኝ ጋር አብስሎ ይህን ጠባዩን የሚያስተውበትን ጥበብ አገኘና በአውሮጳ አቆጣጠር በ1844 በስሙ አስመዘገበ። ከዚያ ወዲህ ከጎማ የልጆች መጫወቻ መሥራት ቀላል ሆነ። የፊተኞቹ የጎማ እንስሳት ግን ውስጣቸው ድፍን ስለ ነበረ፣ ሕፃናት ያኝኳቸው ነበር እንጂ በውሃ ላይ አይንሳፈፉም ነበር።

ዳክዬዋን ዋናተኛ ካደረጓት ሰዎች ዋነኛው ፒተር ጋኒን የተባለ፣ በሩሲያ ግዛት ተወልዶ በአሜሪካ የኖረ ቀራፂ ነው። በ1949 ለማትገለበጥ ዳክዬው የፈጠራ መብት ተሰጠው፤ ከ50 ሚሊዮን በላይ እንደ ተሸጠችም ይነገራል።

ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን በእኛ አቆጣጠር ጥር 1 ቀን 1984 ዓ.ም. የሆነው ነው። ጥምቀት ሊደርስ 10 ቀን ሲቀረው፣ ከሆንግ ኮንግ ወደ አሜሪካ ትጓዝ የነበረች መርከብ በሰላማዊ ውቅያኖስ ላይ ማዕበል መታትና ኮንቴይነሮች ወደቁባት። ከእነርሱ አንዱ ተከፍቶ 28,800 የመታጠቢያ መጫወቻዎች ተበተኑ፤ ብጫ ዳክዬዎች፣ ቀይ ቢቨሮች፣ ሰማያዊ ኤሊዎችና አረንጓዴ እንቁራሪቶች። ከ10 ወር በኋላ በአላስካ ዳርቻ ብቅ አሉ። ከርቲስ ኤበስማየር የተባለው የባሕር ሊቅም የተገኙበትን ቦታ እየመዘገበ የውቅያኖሱን ሞገድ መንገድ አጠናበት።

እነዚያ መጫወቻዎች ያን ያህል ጊዜ ሳይሰጥሙ የቆዩት ቀዳዳ ስላልነበራቸው ነው። አየሩ እንደ ታሸገ ቀረ። የጣና ታንኳም የሚንሳፈፈው የደንገሉ ውስጥ አየር የሞላበት ስለ ሆነ ነው፤ ውሃ ሲጠጣ ግን ይከብዳል፤ ስለዚህ ባለ ታንኳው ወደ ዳር አውጥቶ ያደርቀዋል።

ታዲያ እርስዎም ከባለ ታንኳው ይማሩ። በገበያ ከሚገኙት ዳክዬዎች ብዙዎቹ ሲጨመቁ ድምፅ እንዲያሰሙ ከሆዳቸው በታች ቀዳዳ አላቸው። በዚያ ቀዳዳ የገባ ውሃ ተመልሶ ሳይወጣ ያድራል። በአውሮጳ አቆጣጠር በ2018 የስዊስና የአሜሪካ ተመራማሪዎች እንዲህ ያሉ መጫወቻዎችን ቢመረምሩ፣ ከአምስቱ አራቱ ሲጨመቁ የደፈረሰ ውሃ ተፉ፤ ውስጣቸውም በባክቴሪያና በሻጋታ ተሸፍኖ ተገኘ። ለተሕዋስያኑ ምግብ ከሆኑት ነገሮች አንዱ ከራሱ ከፕላስቲኩ የሚወጣው ንጥረ ነገር ነበር። ሕፃን ደግሞ ያንን ውሃ በዓይኑና በአፉ ላይ መርጨት ይወዳል!

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ሲገዙ ቀዳዳ የሌላትን ይምረጡ። ያለችዎት ባለ ቀዳዳ ከሆነች፣ ልጁ ታጥቦ ሲወጣ ጨምቀው ያድርቋት፤ የደፈረሰ ውሃ ከተፋች ግን ሳይሳሱ ይጣሏት።

የዐፄ ፋሲል መዋኛ እንኳ ለጥምቀት ከቀሃ ወንዝ አዲስ ውሃ ይሞላል እንጂ ያምናው ውሃ ታጉሮ አይጠብቀውም። ለልጅዎ ዳክዬም የትናንቱን ውሃ አያሳድሩባት።