ጋዝ ሃይድሬት፦ የሚነደው በረዶ፣ ምርምሩና አገልግሎቱ

ጋዝ ሃይድሬት ውሃና ጋዝ በከፍተኛ ግፊትና በዝቅተኛ ሙቀት ሲገናኙ የሚፈጠር፣ በረዶ የሚመስል ጠጣር ነገር ነው። የውሃ ሞለኪውሎች እርስ በርሳቸው ተያይዘው እንደ ቀፎ ያሉ ጥቃቅን ክፍት ቦታዎችን ይሠራሉ፤ በእያንዳንዱ ክፍት ቦታ ውስጥም የጋዝ ሞለኪውል ይታሰራል። ጋዙ ከውሃው ጋር በኬሚካላዊ ትስስር አልተጣመረም፤ መውጫ ስለሌለው ብቻ በውስጡ ይቆያል። ግፊቱ ሲቀንስ ወይም ሙቀቱ ሲጨምር ቀፎው ይፈርሳል፣ ውሃው ይፈስሳል፣ ጋዙም ይለቀቃል። የታሰረው ጋዝ ሜቴን ከሆነ፣ እሳት ሲለኮስበት ከላይ ነበልባል እየነደደ ከሥሩ ውሃ ይንጠባጠባል። «የሚነድ በረዶ» የሚለው ስያሜ የመጣው ከዚህ ነው።

በ1 ሜትር ኩብ ሜቴን ሃይድሬት ውስጥ የታመቀው ጋዝ በመደበኛ የአየር ግፊትና ሙቀት ሲለቀቅ 164 ሜትር ኩብ ያህል ቦታ ይይዛል። ሃይድሬቱ በ0 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንዳይፈርስ ከ26 ባር ያላነሰ ግፊት ያስፈልገዋል፤ ይህም በባሕር ጠለል ላይ ካለው የአየር ግፊት 26 እጥፍ ገደማ ነው። በተፈጥሮ የሚገኘውም እንዲህ ያለው ሁኔታ በተሟላባቸው ሁለት ዓይነት ቦታዎች ነው፦ በጥልቅ ባሕር ወለል ሥር ባለ ደለል ውስጥ፣ እንዲሁም እንደ ሳይቤሪያ፣ አላስካና ሰሜን ካናዳ ባሉ አፈራቸው ዓመቱን ሙሉ በረዶ ሆኖ በሚቆይባቸው ምድሮች።

ስለ ሃይድሬት ያለው ዕውቀት የጀመረው ከቤተ ሙከራ ነው። እንግሊዛዊው ኬሚስት ሃምፍሪ ዴቪ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የክሎሪን ሃይድሬትን ለየ፤ ማይክል ፋራዴይ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1823 የውሃውንና የክሎሪኑን መጠን ለክቶ አሳወቀ። ከዚያ በኋላ ለመቶ ዓመት ያህል ጉዳዩ የተመራማሪዎች ብቻ ሆኖ ቆየ። እ.ኤ.አ. በ1934 ግን ሃመርሽሚት የተባለ ተመራማሪ በአሜሪካ የጋዝ ማስተላለፊያ ቧንቧዎችን የሚዘጋው ተራ በረዶ ሳይሆን ሃይድሬት መሆኑን አረጋገጠ። ቧንቧዎቹ ውሃ ወደ በረዶ ከሚለወጥበት በላይ በሆነ ሙቀት እንኳ ይዘጉ የነበሩት ለዚህ ነው። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ሃይድሬት የጋዝ ኢንዱስትሪው ዋነኛ ችግር ሆነ።

የሪፕሚስተር ምርምር

ሃይድሬት በውስጡ ምን እንደሚመስል ለማወቅ ከተደረጉት ጥናቶች መካከል፣ በኦታዋ በሚገኘው የካናዳ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት የሠሩት ኬሚስት ጆን ሪፕሚስተር ከባልደረቦቻቸው ጋር ያከናወኑት ሥራ ልዩ ስፍራ አለው። በኤክስሬይ በተደረገ ጥናት እስከ 1950ዎቹ ድረስ ሁለት ዓይነት አወቃቀሮች ታውቀው ነበር። በመጀመሪያው 46 የውሃ ሞለኪውሎች 8 ቀፎዎችን ይሠራሉ፤ በሁለተኛው 136 የውሃ ሞለኪውሎች 24 ቀፎዎችን ይሠራሉ። ከእነዚህ ቀፎዎች የሚተልቁ ሞለኪውሎች ሃይድሬት ሊሠሩ አይችሉም ተብሎ ይታመን ነበር።

ሪፕሚስተርና ባልደረቦቻቸው የተጠቀሙበት መሣሪያ የኒውክሌር ማግኔቲክ ሬዞናንስ ነው። መሣሪያው የሚሠራበት መርህ በሆስፒታሎች ያለው የኤምአርአይ ምርመራ ከሚሠራበት መርህ ጋር አንድ ነው። ዜኖን የተባለው ጋዝ በቀፎ ውስጥ ሲታሰር የሚሰጠው ምልክት እንደ ቀፎው ስፋት ይለያያል። ስለዚህ ተመራማሪዎቹ ቀፎውን በዓይን ሳያዩ፣ በውስጡ ካለው ጋዝ ምልክት ተነሥተው ስፋቱንና ቅርጹን ማወቅ ቻሉ። በዚህ መንገድ እ.ኤ.አ. በ1987 ሦስተኛ አወቃቀር መኖሩን ይፋ አደረጉ። ይህ አወቃቀር በ34 የውሃ ሞለኪውሎች የሚሠራ ሲሆን፣ ትልቁ ቀፎው 20 ገጽ አለው፦ 12ቱ ባለ 5 ጎን፣ 8ቱ ባለ 6 ጎን ናቸው። ትልቁን ቀፎ እንደ ሜቲልሳይክሎሄክሴን ያለ ትልቅ ሞለኪውል ይይዘዋል፤ ትንንሾቹን ደግሞ እንደ ሜቴን ያለ ትንሽ ጋዝ ይሞላቸዋል። ሁለቱ ካልተጋገዙ አወቃቀሩ አይቆምም።

ግኝቱ ለጊዜው የቤተ ሙከራ ውጤት ብቻ መስሎ ሊታይ ይችላል። ነገር ግን ሜቲልሳይክሎሄክሴንና መሰሎቹ በድፍድፍ ነዳጅ ውስጥ ይገኛሉ፤ በመሆኑም ቧንቧ መቼ ሊዘጋ እንደሚችል የሚያሰላ መሐንዲስ ከቁጥር ሊያስገባቸው ይገባል። በተፈጥሮ መኖሩን በተመለከተም መልሱ የተገኘው ከካናዳ ምዕራባዊ ጠረፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 ከቫንኩቨር ደሴት ማዶ አንድ የዓሣ ማጥመጃ መርከብ በመረቡ ከአንድ ቶን ያላነሰ ሃይድሬት ጎትቶ አውጥቶ ነበር፤ ዓሣ አጥማጆቹም እየተንጣጣና ጋዝ እየለቀቀ የሚቀልጠውን ነገር መልሰው ወደ ባሕር ለመጣል ተገደዋል። ሪፕሚስተርን ጨምሮ የተመራማሪዎች ቡድን ከዚያው አካባቢ የተወሰደ ናሙና መርምሮ፣ ሦስተኛው አወቃቀር በባሕሩ ወለል በተፈጥሮ እንዳለ እ.ኤ.አ. በ2007 አሳወቀ።

በሥራ ቦታ የሚያስከትለው አደጋ

እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 20 ቀን 2010 በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ዲፕ ዎተር ሆራይዘን የተባለው የቁፋሮ መድረክ በፍንዳታ ተቃጥሎ 11 ሠራተኞች ሞቱ፤ ጉድጓዱም 1,500 ሜትር ያህል ጥልቀት ካለው የባሕር ወለል ነዳጅ መትፋት ጀመረ። ፍሳሹን ለመቆጣጠር በግንቦት ወር መጀመሪያ 100 ቶን ገደማ የሚመዝን የብረት ሳጥን በጉድጓዱ ላይ እንዲወርድ ተደረገ። ሆኖም ከጉድጓዱ የሚወጣው ጋዝ ከቀዝቃዛው የባሕር ውሃ ጋር ሲገናኝ በሳጥኑ ውስጥ ሃይድሬት ፈጠረ። ሃይድሬቱ ነዳጁ ወደ ላይ የሚያልፍበትን ቀዳዳ ከመድፈኑም በላይ፣ ከውሃ የቀለለ በመሆኑ ሳጥኑን ወደ ላይ ማንሳፈፍ ጀመረ። በመሆኑም ሙከራው ተቋርጦ ሳጥኑ ወደ ጎን ተወሰደ። በቀጣዮቹ ሙከራዎች ሃይድሬት እንዳይፈጠር ሜታኖል ጥቅም ላይ ውሏል። ፍሳሹ የቆመው ከ87 ቀናት በኋላ ነው።

በየብስ ላይ ባለ ቧንቧም አደጋው ቀላል አይደለም። ቧንቧ በሃይድሬት ሲደፈን የመጀመሪያው ስሜት በአንድ በኩል ግፊቱን ቀንሶ መልቀቅ ነው። ይህ ግን እጅግ አደገኛ ነው፤ ምክንያቱም ድፍኑ ከቧንቧው ግድግዳ ሲላቀቅ በሌላው ወገን ያለው ግፊት እንደ ጥይት ያስወነጭፈዋል። በዚህ ምክንያት የሞቱ ሠራተኞች አሉ። ስለሆነም የሙያው መመሪያ ግፊቱ ከሁለቱም ወገን በእኩልና በዝግታ እንዲቀነስ ያዛል። ከሁሉ የሚሻለው ጋዙ ወደ ቧንቧ ከመግባቱ በፊት በግላይኮል አማካይነት እርጥበቱን ማስወገድ ነው፤ ውሃ በሌለበት ሃይድሬት አይኖርም።

ሊሰጥ የሚችለው አገልግሎት

ከሃይድሬት ጋዝ ማውጣት እንደሚቻል በተግባር ታይቷል። በካናዳ ማሊክ በተባለው ስፍራ እ.ኤ.አ. በ2008 ለ6 ቀናት ያህል ጋዝ ተመርቷል። ጃፓን እ.ኤ.አ. በ2013 ከናንካይ የባሕር ገንዳ በዓለም የመጀመሪያውን የባሕር ላይ ሙከራ አድርጋ በ6 ቀናት 120,000 ሜትር ኩብ ገደማ አወጣች፤ አሸዋ ወደ ጉድጓዱ በመግባቱ ግን ሙከራው ቆመ። ቻይና እ.ኤ.አ. በ2017 በደቡብ ቻይና ባሕር 60 ቀናት የፈጀ ሙከራ አካሂዳለች። እስካሁን ያሉት ሥራዎች ሙከራዎች ናቸው እንጂ ቋሚ የንግድ ምርት አይደሉም፤ ሜቴን ራሱ የምድርን ሙቀት የሚጨምር ኃይለኛ ጋዝ በመሆኑም በአወጣጥ ጊዜ ማምለጡ ያሳስባል።

ሌላው የምርምር መስክ ካርቦን ዳይኦክሳይድን በሜቴን ቦታ መተካት ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ ሃይድሬቱ ሲገባ ሜቴኑን አስለቅቆ ራሱ ይታሰራል፤ በዚህም ነዳጅ ማግኘትና ጎጂውን ጋዝ ማስቀመጥ በአንድ ጊዜ ሊከናወን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2012 በሰሜን አላስካ የተደረገው የመስክ ሙከራ ይህንኑ ለመፈተሽ ነበር። ጋዝን በሃይድሬት እንክብል መልክ ማጓጓዝም በጃፓን ተሞክሯል። ፈሳሽ የተፈጥሮ ጋዝ ከዜሮ በታች 162 ዲግሪ ቅዝቃዜ ሲፈልግ ለእንክብሉ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ገደማ ይበቃዋል። ሃይድሬት ሲፈጠር ጨውን ወደ ውስጡ ስለማያስገባ የባሕርን ውሃ ለማጣራትም ይታሰባል፤ ሆኖም በቅንጣቶቹ መካከል የሚቀረውን ጨዋማ ውሃ ማጠብ አስቸጋሪ ሆኖ ቆይቷል።

ከኢትዮጵያ ጋር ያለው ግንኙነት

ኢትዮጵያ የባሕር ወለልም ሆነ ዓመቱን ሙሉ በረዶ የሆነ ምድር ስለሌላት፣ በተፈጥሮ የተከማቸ ጋዝ ሃይድሬት በሀገሪቱ አይጠበቅም። በኦጋዴን ተፋሰስ በካሉብና በሂላላ የሚገኘው ሀብት በዓለት ቀዳዳዎች ውስጥ ያለ መደበኛ የተፈጥሮ ጋዝ ነው። ሆኖም የአካባቢው ሞቃታማነት ብቻውን ቧንቧን ከሃይድሬት አያድንም። ከፍተኛ ግፊት ያለው ጋዝ በቫልቭ ሲያልፍ ግፊቱ በድንገት ይቀንስና ጋዙ በእጅጉ ይቀዘቅዛል፤ በውስጡ እርጥበት ካለ በበረሃም ቢሆን ሃይድሬት ሊፈጠር ይችላል። ስለዚህ ጋዙን ማድረቅ በማንኛውም የጋዝ ማምረቻ የማይቀር የሥራ ደረጃ ነው።

በቤት ውስጥ አገልግሎት ላይ ያለው የማብሰያ ጋዝ በአብዛኛው ፕሮፔንና ቡቴን ነው። ብዙ ጋዝ በአንድ ጊዜ ሲወጣ በሲሊንደሩ ውጫዊ ክፍል ላይ የሚታየው አመዳይ ሃይድሬት ሳይሆን በአካባቢው አየር ውስጥ ያለው እርጥበት የቀዘቀዘ ነው። ፈሳሹ ወደ ጋዝ ሲለወጥ ሙቀት ከሲሊንደሩ ስለሚወስድ ይህ ይከሰታል። አመዳዩን ለማቅለጥ ሲሊንደሩን በእሳት ወይም በከሰል ማሞቅ ለሕይወት አስጊ ነው፤ ምድጃው ተዘግቶ ለጥቂት ጊዜ ቢቆይ አመዳዩ በራሱ ይጠፋል።