መድኃኒት በጎዳ ጊዜ ቤተ ሰብ ሊያውቀው የሚገባ ሕግ

መድኃኒት በሽታን ለማራቅ የተሰጠ ነው፤ ሐኪምም የሰው ልጅ ባለውለታ ነው። ነገር ግን ያድናል ተብሎ የተዋጠው ኪኒን ወይም የተወጋው መርፌ አንዳንድ ጊዜ ያልታሰበ ጉዳት አምጥቶ ይገኛል። በዚያን ጊዜ ብዙው ቤተ ሰብ ከሁለት ነገር አንዱን ያደርጋል፤ ወይ «የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው» ብሎ ዝም ይላል፥ ወይም በቍጣ ተነሥቶ ሐኪሙን ይሰድባል። ሁለቱም ለተጎዳው ሰው አንዳች አይጠቅሙትም። ሦስተኛ መንገድ አለ፤ እርሱም የሕግ መንገድ ነው። ይህን ለማስረዳት አስቀድመን በአውሮፓ የሆነውን አንድ ታላቅ ነገር እንተርካለን፤ ቀጥለንም የአገራችን ሕግ የሚለውን እናሳያለን።

በምዕራብ ጀርመን በፈረንጆች አቆጣጠር በ1957 ዓ.ም. ግሩነንታል የሚባለው ኩባንያ ታሊዶማይድ የተባለውን መድኃኒት ለገበያ አወጣ። መድኃኒቱ እንቅልፍ የሚያስተኛና መንፈስን የሚያረጋጋ ነበር፤ ጉዳት የለበትም ተብሎም ያለ ሐኪም ትእዛዝ ይሸጥ ነበር። ነፍሰ ጡር ሴቶችም የጧት ማቅለሽለሽ ባስቸገራቸው ጊዜ ወሰዱት። ከዚህ በኋላ እጃቸውና እግራቸው ያጠረ ወይም ፈጽሞ የሌላቸው ሕፃናት ይወለዱ ጀመር። በሐምቡርግ የነበሩት ዶክተር ሌንስ እናቶቹን አንድ በአንድ እየጠየቁ በእርግዝናቸው ወራት የወሰዱትን መረመሩ፤ በአውስትራልያም ዶክተር ማክብራይድ ወደዚሁ ነገር ደረሱ። በ1961 ዓ.ም. መጨረሻ መድኃኒቱ ከጀርመንና ከእንግሊዝ ገበያ ተነሣ። በዓለም ሁሉ የተጎዱት ሕፃናት ከ10 ሺህ እንደሚበልጡ ይገመታል። በአሜሪካ ግን የመንግሥት መርማሪ የነበሩት ዶክተር ፍራንሴስ ኬልሲ የቀረበው ማስረጃ አይበቃም ብለው ፈቃድ ስለ ከለከሉ፥ የዚያ አገር ሕፃናት አብዛኞቹ ከዚህ መከራ ዳኑ።

ወላጆቹ ፍርድ ለመጠየቅ በተነሡ ጊዜ ነገሩ ቀላል ሆኖ አልተገኘም። በእንግሊዝ አገር ሦስት እንቅፋት ገጠማቸው። አንደኛው፥ መድኃኒቱን ያቀረበው ኩባንያ በጊዜው ዕውቀት መሠረት ጥፋት ማድረጉን ከሳሹ እንዲያስረዳ ይፈለግበት ነበር። ሁለተኛው፥ በእናቱ ማሕፀን ሳለ የተጎዳ ልጅ ካሳ ለመጠየቅ መብት ያለው ስለ መሆኑ ሕጉ በግልጥ አይናገርም ነበር። ሦስተኛው፥ የብዙዎቹ የክስ ጊዜ አልፎ ስለ ነበር የፍርድ ቤት ልዩ ፈቃድ ያስፈልጋቸው ነበር። ስለዚህ በ1968 ዓ.ም. የ62 ሕፃናት ነገር በስምምነት ሲያልቅ፥ የተሰጣቸው ሙሉ በሙሉ ቢረቱ ያገኙት ከነበረው ከመቶ 40 እጅ ብቻ ነበር። የቀሩት በ1973 ዓ.ም. 20 ሚሊዮን ፓውንድ ያህል የተቈረጠላቸው፥ ጋዜጣ ነገሩን ገልጦ የሕዝቡን ልብ ካነሣሣ በኋላ ነው። በጀርመንም በ1968 ዓ.ም. የተጀመረው የወንጀል ክስ ከሁለት ዓመት ተኩል በኋላ ያለ ፍርድ ተቋረጠ፤ ኩባንያውም 100 ሚሊዮን ማርክ ለመስጠት ተስማማ። ይቅርታ የጠየቀው ግን በ2012 ዓ.ም. ነው፤ በዚያን ጊዜ ሕፃናቱ የ50 ዓመት ሰዎች ሆነው ነበር።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። ያ መድኃኒት በአውሮፓ ገና ሲሸጥ ሳለ፥ በእኛ አቆጣጠር በ1952 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ታወጀ። የእንግሊዝ ወላጆች ለተቸገሩባቸው ለሁለቱ ነገሮች ይህ ሕግ መልስ አለው። በቍጥር 2 የተፀነሰ ልጅ በሕይወት ተወልዶ ለመኖር የሚችል ሆኖ ሲገኝ፥ ጥቅሙ በሚያስፈልገው ጊዜ እንደ ተወለደ ይቈጠራል ይላል። በቍጥር 2085 ደግሞ ዕቃ ሠርቶ ለትርፍ ለሕዝብ የሚያቀርብ ሰው፥ ዕቃው በሚገባው አኳኋን ተሠርቶበት ሳለ ለሚደርሰው ጉዳት ኀላፊ ነው ይላል፤ ይህም ጥፋት ባይኖርበትም የሚመጣ ኀላፊነት ነው። ስለ ሐኪም ሲሆን ግን ሕጉ ጥፋትን ይጠይቃል። በቍጥር 2031 ባለ ሙያ ሁሉ የሙያውን ሥርዓት እንዲጠብቅ ታዝዟል፤ በቍጥር 2651ም ሐኪም ቤቱ በሥሩ ያሉት ሐኪሞችና ረዳቶቻቸው ባጠፉት ጥፋት ኀላፊ ይሆናል።

በዚህ ላይ አንባቢዎቻችን ልብ እንዲሉልን የምንፈልገው ነገር አለ። የደረሰ ጉዳት ሁሉ ጥፋት አይደለም። ለምሳሌ ፔኒሲሊን ብዙ ሰው ያዳነ መድኃኒት ነው፤ ሆኖም የአንዳንዱ ሰው ሰውነት አይቀበለውም። ሐኪሙ አስቀድሞ ጠይቆ፥ ከወጋም በኋላ ጠብቆ፥ አደጋ ሲመጣም ፈጥኖ ረድቶ እንደ ሆነ፥ ኀዘን ይኖራል እንጂ በደል የለም። ነገር ግን ቀድሞ ጎድቶኝ ነበር ያለውን በሽተኛ ቃል ሳይሰማ ወግቶ እንደ ሆነ፥ ይህ ለዳኛ የሚቀርብ ጕዳይ ነው።

ሦስተኛው እንቅፋት፥ ማለት የጊዜ ነገር፥ በእኛም አገር አለ። በቍጥር 2143 መሠረት ከውል ውጭ ለደረሰ ጉዳት ካሳ የሚጠየቀው ጉዳቱ ከደረሰበት ጊዜ አንሥቶ በ2 ዓመት ውስጥ ነው። ስንት ቤተ ሰብ በጠበልና በሐኪም ቤት ደጅ ሲመላለስ፥ በሽማግሌም ሲነጋገር ይህ ጊዜ ያልፍበታል! ማስታመሙም ሽምግልናውም መልካም ነው፤ ነገር ግን ቀኑን እየቈጠሩ መሆን ይገባል።

ስለዚህ የቤቱ እመቤትም አባወራውም ይህን ያድርጉ። የመድኃኒቱን ጠርሙስና ሣጥን፥ የሐኪሙንም ትእዛዝ አይጣሉ። መድኃኒቱ የተሰጠበትን ቀንና ሰዓት፥ መጠኑን፥ የሰጠውን ሰው፥ ምልክቱም የታየበትን ጊዜ በዚያው ዕለት ይጻፉ። የሕክምናው መዝገብ ግልባጭ እንዲሰጣቸው በጽሑፍ ይጠይቁ። ሌላ ሐኪም መርምሮ የሚሰጠውን የምስክር ወረቀት ይያዙ። ነገሩን ለምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ያስታውቁ፤ ይህ ሌላውንም ሰው ከጉዳት ያድናልና። ከዚያም ሳይዘገዩ ጠበቃ ያማክሩ።

«በቃል ያለ ይረሳል፥ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ አባቶቻችን። ዳኛ የሚፈርደው በቀረበለት ማስረጃ ነው፤ እንባም ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። የተጎዳው ልጅ ጉዳቱን ይዞ ብዙ ዘመን ይኖራል፤ ወላጆቹ ግን ሁልጊዜ አብረውት አይኖሩም። በጊዜው የተጻፈችው አንዲት ወረቀትና በጊዜው የቀረበው ክስ፥ እነርሱ ካለፉ በኋላ ለልጁ የሚተርፉት ርስት ናቸው።