ከጓዳ የሚገኝ እርዳታ



በምንሠራባቸው መንደሮች፣ ሕፃን ሲያስቀምጠው «ውሃ ያብስበታል» ብለው የሚከለክሉ እናቶች ያጋጥሙናል። ልጁን የሚገድለው ግን ብዙውን ጊዜ ከሰውነቱ የወጣው ውሃና ጨው ሳይተካ መቅረቱ ነው።

የሚተካውም ከጓዳ ይገኛል፤ ፈልቶ የቀዘቀዘ 1 ሊትር ውሃ፣ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው። ማንኪያው አይቆለል፤ በቢላዋ ይስተካከል። ስኳሩ ለማጣፈጥ ብቻ አይደለም፤ አንጀት ጨውንና ውሃን እንዲቀበል ይረዳል። ጨው ከበዛ ይጎዳልና እናቲቱ አስቀድማ ትቅመሰው፤ ከእንባ ይልቅ ጨው ከበዛበት ይደፋ። ልጁ ባስቀመጠው ቁጥር ጥቂት በጥቂት ይጠጣ፤ ቢያስመልሰው 10 ደቂቃ ቆይቶ ይቀጠል። ጡትም አይከልከል። በ24 ሰዓት ያላለቀው ይደፋ።

ከጤና ጣቢያ የሚሰጠው ሕይወት አድን ንጥረ ነገርና ዚንክ ከዚህ ይበልጣል፤ የጓዳው እርሱ እስኪገኝ ነው። ዓይኑ ከጎደጎደ፣ መጠጣት ካቃተው ወይም ደም ካስቀመጠው ሳይዘገይ ይወሰድ።

ጌታችን ለታናናሾች በስሙ የተሰጠውን ጽዋ ውሃ አይረሳም። ስጦታችሁ ይህን ትምህርት ከጎጆ ወደ ጎጆ ያደርሳልና በጸሎታችሁም አስቡን።