ላባ ያልለበሰች ጫጩትና የክረምቱ ዝናብ

በየአጥቢያው ለእናቶች ጫጩት የማከፋፈል ሐሳብ ሲነሣ ጉባኤው የሚጠይቀው ስለ ቁጥርና ስለ መኖ ነው። ላባቸው ወጥቷልን? ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ባለፈው ሐምሌ ከጅማ ወደ አጋሮ ጫጩቶችን ስናጓጉዝ እኔም አልጠየቅሁም ነበር። በመንገድ ላይ ሸራው ውኃ አስገባ፤ ሲነጋም ከሣጥኑ ጥግ ተደራርበው የሞቱትን ለቀምን። የጠፋው ለመበለቶች የታሰበ ገንዘብ ነበር።

ጫጩት ከዕንቁላል ስትወጣ የምትለብሰው ስስ ልብስ ደረቅ ሲሆን ጥቂት ያሞቃታል፤ ከራሰ ግን ከገላዋ ተጣብቆ ሙቀቷን ያሳጣታል። እውነተኛው ላባ አስቀድሞ በክንፏና በጅራቷ ይወጣል፤ ገላዋን በሚገባ የሚሸፍነው ከ4 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። የ45 ቀን ዶሮ ማደል የተለመደበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው። እስከዚያ ድረስ የእናቲቱን ክንፍ የሚተካ ሙቀት ያስፈልጋል፦ በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ፣ ከዚያም በየሳምንቱ 3 ዲግሪ ያህል እየተቀነሰ። መብራት በሌለበት ዙሪያው በድርቆሽ የታጨቀ ሣጥን የጫጩቶቹን የራሳቸውን ሙቀት ይዞ ያቆያል፤ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችም አጥንተውታል። ለጉዝጓዝ በአካባቢያችን የተትረፈረፈው የቡና ገለባ ያገለግላል፤ ነገር ግን ፈጽሞ የደረቀ ይሁን፤ እርጥቡ ይሻግታል።

ላባ ከሞላ ጎደል ፕሮቲን ነው። በቆሎ ብቻ የምትለቅም ጫጩት ላባዋ ይዘገያል፤ የኑግ ፋጉሎ ቢቀላቀልላት ይረዳታል።

ስለ አያያዝም በገበያ የለመድነውን መተው ይገባናል። በማደግ ላይ ያለ ላባ በውስጡ ደም አለበት። በክንፏ የተነሣች ጫጩት ላባዋ ተሰብሮ ትደማለች፤ ደሙን ያዩ ሌሎችም እስክትሞት ይነቁሯታል። ዶሮ ደግሞ እንደ እኛ ድያፍራም ስለሌላት የምትተነፍሰው ደረቷን በማንቀሳቀስ ነው፤ ሕፃን በፍቅር አጥብቆ ቢጨብጣት ትታፈናለች። ስለዚህ በሁለት መዳፍ ከሥር ተደግፋ፣ ደረቷ ሳይጨነቅ ትነሣ።

ርክክብ ላይ ኮሚቴው የተፈለፈሉበትን ቀን ይጠይቅ። ከየሣጥኑም ጥቂቶቹን አንሥቶ የደረታቸውን ላባ እፍ ይበልበት፤ ሰፊ ባዶ ቆዳ ከታየ አይረከብ። ዕቅዱ በሐምሌ ከዋለ ደግሞ ወደ ጥቅምት እንዲሻገር በጽሑፍ ይጠይቅ፤ እኛም እንቀበላለን።